የማድረቂያ ክፍሉ ቁልፍ

በሩን በዲጂኖ ሲፈነቅሉት መጀመሪያ የወጣው ሙቀቱ ነበር። ሰውየው ከበሩ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ በጎኑ ወድቋል። የልብስ እጥበት ቤቱ ባለቤት ነው። ሠራተኞቹ ጋሼ ይሉት ነበር።

ኢንስፔክተሩ የደረሰው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። አስከሬኑ ገና አልተነሳም። የማድረቂያው ክፍል መስኮት የለውም። ወለሉ ብረት ነው፤ ከሥሩ የእንፋሎት ቧንቧ ያልፋል። ከላይ በተወጠረው ሽቦ ላይ አንሶላዎች ተሰጥተዋል። ከመጠን በላይ ደርቀው እንደ ካርቶን ቀጥ ብለዋል።

«ሙቀቱ ነው የገደለው» አለ ሐኪሙ። «ትናንት ማታ ገብቶ እዚሁ አድሯል። መዳፎቹን ተመልከት።»

መዳፎቹ አብጠው ጠቁረዋል።

«በሩን ደብድቧል» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ለረጅም ጊዜ።»

ከሟቹ አጠገብ የእጅ ባትሪ ወድቋል። ሳጅኑ አንስቶ ሞከረው፤ አይበራም። ሐኪሙ የሟቹን የቀኝ እጅ ጣቶች አንድ በአንድ ፈታ። እጁ ውስጥ ቁልፍ ነበር። ቁልፉ መዳፉን አቃጥሎ ቅርጹን ትቶበታል።

«ቁልፍ ይዞ ነው የሞተው?» አለ ሳጅኑ።

«ሞክረው።»

ሳጅኑ ቁልፉን በበሩ ቀዳዳ ሊያስገባ ታገለ። «ጫፉ ብቻ ነው የሚገባው፣ አለቃ። የዚህ በር አይደለም። የበሩ ቁልፍ ዘበኛው ጋ ነው ያለው። ሲገቡ ወለሉ ላይ ወድቆ አግኝተውታል።»

ኢንስፔክተሩ ተንበርክኮ የቁልፉን ቀዳዳ ከውስጥ በኩል አየ። ዙሪያው ሁሉ ተቧጭሯል። ጭረቱ አዲስ ነው። ሰውየው በጨለማ ውስጥ የማይሆን ቁልፍ ይዞ ቀዳዳውን ሲፈልግ አድሯል።

«ውጡ» አለ ኢንስፔክተሩ። «በሩን ገፍተህ በትከሻህ ያዘው። አምስት ደቂቃ። ስጣራ ክፈት።»

«ምን ሊያደርግልዎት?»

«ያዘው አልኩህ።»

እንፋሎቱ ጠዋት ተዘግቷል። ቢሆንም ወለሉ በጫማው ሶል አልፎ ይሞቅ ነበር። ጨለማው ዓይን አያስከፍትም። ኢንስፔክተሩ መቁጠር ጀመረ። መቶ ሳይሞላ ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሁለት መቶ ላይ አየሩ አልበቃው አለ። «ክፈት» አለ። መልስ የለም። ጮክ ብሎ ደገመው። በሩን በመዳፉ መታው። ከዚያ በጡጫው። ሰላሳ አንድ ዓመት ፖሊስ ሆኖ ሲሠራ እንዲህ ያለ ድምፅ ከራሱ ጉሮሮ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም።

በሩ የተከፈተው አምስቱ ደቂቃ ሲሞላ ነው።

«አልጠሩም እኮ» አለ ሳጅኑ።

«ጠርቻለሁ።»

ሳጅኑ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ አመለከተ። ከግድግዳው ማዶ ያለው ቦይለር እንደ ወፍጮ ይጮኻል።

*

ሠራተኞቹን በማጣጠፊያው ክፍል አስቀምጦ ጠየቃቸው። መጀመሪያ ዘበኛው ቀረበ። ዕድሜው ከሰባ አያንስም።

«በአስራ አንድ ሰዓት ተኩል ሁሉም ወጡ፣ ጌታዬ። ጋሼ ብቻ ቀሩ። ሁልጊዜም እንዲሁ ናቸው። እያንዳንዱን አንሶላ በእጃቸው ሳይዳስሱ አይተኙም። ቤታቸው እዚሁ ጓሮ ነው።»

«በሩን ከውስጥ ይቆልፋሉ?»

«መያዣው ከተሰበረ ቆይቷል። ካልተቆለፈ ራሱ ይከፈትና ሙቀቱ ያልቃል። ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ ቆልፎ ነው።»

«ከወጡት ውስጥ የተመለሰ ሰው አለ?»

«በመሀረብ ስለሚጫወት ጋሽ መሀረብ የምንለው ሠራተኛ ጃኬቱን ረስቶ ተመለሰ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። በኋላ ደግሞ የጋሼ የእህት ልጅ በሞተር ሳይክል መጣ። ተጣራ፣ ተሳደበ፣ ሄደ።»

«የሰው ጩኸት አልሰሙም፣ አባት?»

ሽማግሌው አንገቱን ደፋ። «እዚህ ግቢ ሰው ሲጮህ የሚሰማው ቦይለሩ የጠፋ እንደሆነ ነው።»

«ጠዋት እንዴት ነበር?»

«ጋሼን ብንፈልግ የሉም። የማድረቂያው በር ተቆልፏል። እንፋሎቱ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። እኔና ጋሽ መሀረብ በሩን ፈነቀልነው። እሱ መሀረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ቀድሞ ገባ፤ አጣፊዋ ልጅ ተከተለችው። ‹ቁልፉ ይኸው ወድቋል፣ አንሳው› አለኝ። አንስቼ ኪሴ ከተትኩት።»

«ቁልፉ ሌላ ቅጂ አለው?»

«የለውም። ከጋሼ ኪስ ወጥቶ አያውቅም።»

ቀጥሎ የገባው ጋሽ መሀረብ የተባለው ነው። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሸሚዙ አንድም መስመር የሌለበት ሰው ነው።

«ሥራዎ?»

«ተኳሽ።»

ሳጅኑ ከማስታወሻው ቀና አለ።

«ልብስ ነው የምተኩሰው፣ የኔ ልጅ» አለ ሰውየው። «እጅህን ከሽጉጥህ ላይ አንሳ።»

ሳጅኑ ሳቀ። ኢንስፔክተሩ የሰውየውን እጆች አየ። የጣቶቹ ጫፍ ደድሯል፤ እንደ ቀንድ ቢጫ ሆኗል።

«ስንት ዓመት ሠሩ?»

«ሰላሳ ሁለት።»

«ከሟቹ ጋር ጠብ ነበረዎት?»

«ነበረኝ። ወር ሲያልቅ ውጣ ብለውኛል። ሦስት ልብስ አቃጥያለሁ፤ አልዋሽም። ዓይኔ ደክሟል።» የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ። «ሰው ግን በልብስ አይገደልም፣ ኢንስፔክተር።»

«ትናንት ማታ ተመልሰው ነበር።»

«ጃኬቴን ለመውሰድ። ዘበኛው አይቶኛል። በሁለት ደቂቃ ምን ይሠራል?»

ኢንስፔክተሩ የሚጽፈውን እስኪጨርስ ሰውየው ከኪሱ ነጭ መሀረብ አወጣ። «ሳጅን፣ ክብሪት ይኖርሃል?»

ሳጅኑ አንድ የክብሪት እንጨት ሰጠው። ሰውየው ሁለት እጆቹን ዘረጋ። መዳፉን አሳየ፤ ገልብጦ ጀርባውን አሳየ። እንጨቱን መሀል ላይ አድርጎ መሀረቡን አጠፈበት።

«ዳስሰው። አለ?»

«አለ።»

«ስበረው።»

ሳጅኑ በጨርቁ ላይ ሰበረው። ቀጭ አለ። ሰውየው መሀረቡን አራገፈው። የክብሪት እንጨቱ ደህና ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

«ኧረ ባክዎ! በእጄ ሰብሬው እኮ ነው!»

ሁሉም ፈገግ አሉ። ኢንስፔክተሩ ግን ጥግ ላይ ተራዋን የምትጠብቀውን አጣፊዋን ነበር የሚያየው። መሀረቡን አላየችም። ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላለች። አንድ እጇ በሽርጧ ኪስ ውስጥ የሆነ ነገር ጨብጧል።

እሷ መጨረሻ ቀረበች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻዋን በኪራይ ቤት ትኖራለች።

«ጣትሽ ምን ሆነ?»

ጣቷን ለመደበቅ ሞከረች። ሁለቱ ጣቶቿ ውኃ ቋጥረዋል። «ቀበቷቸውን ላላላላቸው ብዬ... ዘለበቱ ነው። እንደ ፍም ነው ያቃጠለኝ።»

«ኪስሽ ውስጥ የያዝሽው ምንድን ነው?»

«የቤቴ ቁልፍ።»

«የምትነግሪኝ ሌላ ነገር...»

«የለም» አለች። ጥያቄውን እንዲጨርስ አልጠበቀችም።

*

የእህቱን ልጅ ሳጅኑ ከሰዓት በኋላ ይዞት መጣ። ልብስ የሚያደርሰው እሱ ነው። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ፋሻውን ፍታው» አለ ኢንስፔክተሩ።

መዳፉ ላይ ሰፊ ቃጠሎ አለ። ሳጅኑ ኢንስፔክተሩን አየ። የእንፋሎቱ መዝጊያ ከበሩ ጎን በውጭ በኩል ነው፤ ሙሉ በሙሉ ለመክፈት ትኩስ ብረት መያዝ የግድ ነው።

«አጎትህን ለምን ሰደብከው?»

«መልስ ሲነፍገኝ ነዋ! አኩርፎኝ የተደበቀ መስሎኝ...» ቀና አለ። «ውስጥ ነበር ማለት ነው? ስጠራው ይሰማ ነበር?»

ሳጅኑ ወደ ቆሰለው መዳፍ ጠጋ አለ።

«እጅህን ምን አቃጠለህ?» አለ ሳጅኑ።

«የሞተሩ ጭስ ማውጫ ነው። ከሦስት ቀን በፊት።»

«ይሄን ለሚያምንህ ንገረው።»

ወጣቱ በግራ እጁ ኪሱን ፈትሾ የጤና ጣቢያ ካርድ አወጣ። ሳጅኑ ስልክ ደወለ። የቆሰለበት ቀን ትክክል ነበር። ሰውየው ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት በነርስ እጅ ታክሟል። በአንድ ደህና እጅ ብቻ ደግሞ ያን መዝጊያ ማዞር አይቻልም።

ለቀቁት። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «የሰደብኩትን ሰምቶኝ ይሆን?» አለ።

ኢንስፔክተሩ ፋይሉን ዘጋ።

*

በማግሥቱ ጠዋት የጣቢያው ኃላፊ ጠራው።

«ሰውየው እንደ ልማዱ ከውስጥ ቆለፈ። ባትሪው ሞተበት። ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። በጨለማና በሙቀት ግራ ተጋብቶ ሌላ ቁልፍ ይዞ ሲታገል አለቀ። አደጋ ነው። ምን ቀረህ?»

«በእጁ የነበረው ቁልፍ የየት በር ነው? ግቢውን ሁሉ ሞከርን። ቤቱን ሞከርን። ምንም አይከፍትም።»

«ሁላችንም ኪስ ውስጥ የማናውቀው ቁልፍ አይጠፋም።»

«እንፋሎቱን ማን ከፈተው?»

«ራሱ። ቶሎ እንዲደርቅለት። ስማ፣ እስከ ዛሬ ማታ ነው። ከዚያ መዝገቡ ይዘጋል።»

*

አጣፊዋ በዚያ ቀን ሥራ አልገባችም። ኢንስፔክተሩ ቤቷ ሄደ። አንኳኳ። ከውስጥ ከባድ ነገር ሲጎተት ሰማ።

«ማነው?»

«የትናንቱ ኢንስፔክተር ነኝ፣ ልጄ።»

«ይናገሩ እስቲ። ድምፅዎን ልስማ።»

ተናገረ። ቁም ሣጥኑ እንደገና ተጎተተ። በሩ በጣት ስፋት ተከፈተ፤ ፊቱን አየችና አስገባችው። ወዲያው ቆልፋ ቁም ሣጥኑን መለሰች። ቁልፉን በክር አንገቷ ላይ አስራዋለች። ዓይኗ እንቅልፍ አላየም።

«ማንን ነው የምትፈሪው?»

«ማንንም።»

«ቁም ሣጥኑስ?»

ቁም ሣጥኑን አየች። ከዚያ ክሩን ከአንገቷ አውልቃ ቁልፉን ሰጠችው። «ጥርሱን ይዩት።»

ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየው። በቁልፉ ጥርሶች መሀል ነጭ ነገር ተጣብቋል። በጥፍሩ ፍቆ አሸተተው። የልብስ ሳሙና ነው።

 ቁልፍ በሳሙና ላይ ተጭኖ ከወጣ፣ ሳሙናውን ይዞ ወደ ቁልፍ ቀራጭ የሄደ ሰው አለ።

«መቼ?»

«ትናንት እርስዎ ከሄዱ በኋላ። ደንበኛ ልብሱን ይፈልጋልና ሥራ ገባን። ምሳ ላይ ቁልፌ ከኪሴ ጠፋ። አስር ሰዓት ላይ ከአንገትጌዬ ውስጥ ወጣ። ሰው ሁሉ ሳቀ።»

«ማን አወጣው?»

«ጨዋታ ነው እኮ» አለች። «ሁሉም የሚያውቀው ጨዋታ ነው።»

«አሳዪኝ።»

ከመሳቢያ መሀረብና ክብሪት አመጣች። መሀረቡን አልዘረጋችም፤ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ሄደችበት። «ልብስ ሳጣጥፍ ጠርዙን ሁሉ እዳስሳለሁ። መርፌ፣ ክብሪት፣ ምኑ ቅጡ ይገኛል። ካውያ ካረፈበት ጨርቁ ይበላሻል። ስለዚህ የሱን... የዚያን መሀረብ ቅምቅማት አውቀዋለሁ።» የክብሪት እንጨት ሰብራ አሳየችው። «በቅምቅማቱ ውስጥ አስቀድሞ ሌላ እንጨት አለ። እርስዎ የሚዳስሱት እሱን ነው። የሚሰብሩትም እሱን ነው። የእርስዎ እንጨት በሌላው እጅ ነው ያለው። ሰው የሚያየው የተከፈተውን እጅ ነው።»

«ክብሪት ብቻ ነው የሚሰፋበት?»

እጇ ቆመ። ለመናገር አፏን ከፈተች። ኮቴ በደጅ አለፈ። ኮቴው እስኪርቅ ድረስ አልተነፈሰችም።

«እርስዎ ይሄዳሉ፤ እኔ ግን እዚህ ነኝ» አለች። «እባክዎ አይጠይቁኝ።»

ሲወጣ ቁም ሣጥኑ ከኋላው ተጎተተ። እንጨት ወለል ሲፍቅ ሰማ። መንገዱ በጸሐይ ተሞልቷል፣ ሰው ይተላለፋል። እሱ ግን ሁለት ጊዜ ዞሮ ኋላውን አየ።

*

በእጥበት ቤቱ በር ላይ ዘበኛውን አገኘው።

«ጋሽ መሀረብ ልብስ የሚያቃጥለው ዓይኑ ደክሞ ነው?» አለው ኢንስፔክተሩ።

ዘበኛው ሳቀ። «ዓይኑማ የንስር ነው። ጣቱ ነው። የካውያውን ሙቀት በጣቱ ነው የሚለካው፤ የድሮ ተኳሽ ሁሉ እንደዚያ ነው። ሰላሳ ዓመት ብረት ሲነካ ጣቱ ሞተ። ሙቅና ቀዝቃዛ አይለይም። ጋሼ በሰው ሁሉ ፊት ነገሩት። ዓይኔ ነው ይላል፤ ያፍራል።»

ኢንስፔክተሩ የራሱን ጣቶች አየ።

«እኔን ግን አይጠርጥሩኝ፣ ጌታዬ» አለ ሽማግሌው። «ቁልፉን እኔ በማንሳቴ ሰው ያማኛል አሉ። እጄ ንጹሕ ነው!» ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ አሳየው።

ኢንስፔክተሩ መዳፎቹን ያዘና ወደ ብርሃን አዞራቸው። ቆዳው የተሸበሸበ የሽማግሌ ቆዳ ነው። ሌላ ምንም የለበትም።

«ቁልፉን በባዶ እጅዎ ነው ያነሱት?»

«ታዲያ በምን?»

«ወዲያው?»

«‹አንሳው› እንዳለኝ።»

ኢንስፔክተሩ ሰዓቱን አየ። ሰባት ሰዓት ነው። «ሳጅን!» አለ። «እንፋሎቱን እስከ መጨረሻው ክፈተው። የበሩንም ቁልፍ በተገኘበት ወለል ላይ አስቀምጠህ በሩን ዝጋ።»

*

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም በማድረቂያው በር ፊት ቆሙ። ኃላፊው ጭምር መጥቷል። አጣፊዋ ከአንዲት ሴት ፖሊስ ጋር ከኋላ ናት። ጋሽ መሀረብ አንድም መስመር የሌለበት ሸሚዝ ለብሷል።

«ትናንት ጠዋት የሆነው እንዲደገም እፈልጋለሁ» አለ ኢንስፔክተሩ። «የበሩ ቁልፍ ወድቆ የተገኘበት ቦታ ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ዛሬ እርስዎ ያንሱልኝ፣ ጋሽ መሀረብ።»

ሰውየው ወደ ክፍሉ አየ፤ ወደ ኢንስፔክተሩ አየ። ወጥመዱን ሲፈልግ ቆየ። ትከሻውን ነቀነቀ። መሀረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ገባ። ጎንበስ ብሎ ቁልፉን በሁለት ጣቱ አነሳ። ቁልፉን ይዞ፣ ሳይቸኩል፣ ስድስት እርምጃ ተመለሰ።

«ይኸው።»

«እዚህ ያድርጉት» አለ ኢንስፔክተሩ። መዳፉን ዘረጋ።

ቁልፉ መዳፉ ላይ አረፈ። ኢንስፔክተሩ ጥርሱን ነከሰ። ጣቶቹ ግን አልታዘዙትም፤ እጁ በራሱ ተወራጨና ቁልፉ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ አቃጨለ።

«አለቃ!» አለ ሳጅኑ።

ኢንስፔክተሩ መዳፉን ለሁሉም አሳየ። የቁልፉ ቅርጽ ቀልቶ ታትሞበታል። «የሟቹ መዳፍ ላይ ይሄንኑ አይተናል» አለ። «ይቺ ልጅ ዘለበት ነክታ ጣቷ ውኃ ቋጥሯል። አባት፣ እጅዎን ያሳዩ።»

ዘበኛው መዳፎቹን ዘረጋ። ምንም የለም።

«እሳቸው ከዚያው ወለል ላይ፣ በዚያው ሙቀት፣ በባዶ እጅ ቁልፍ አነሱ። አልጮኹም። ሌሊቱን ሙሉ እዚያ ወለል ላይ የተኛ ቁልፍ አይቀዘቅዝም። ቁልፉ እዚያ አላደረም።» ወደ ተኳሹ ዞረ። ከዚህ በኋላ አንቱ አላለውም። «ከመሀረብህ ነው የወደቀው። ቀድመህ የገባኸው ለዚህ ነው። ሽማግሌውን አንሳው ያልከው ለዚህ ነው። ሰው በገዛ እጁ የያዘውን አይጠራጠርም። ከመሀረብ የወጣ ቁልፍ ቀዝቃዛ እንደሚሆን ሌላ ሰው ያስብ ነበር። ያንተ እጅ ግን አይነግርህም።»

ሰውየው ጣቶቹን አየ። በሌባ ጣቱና በአውራ ጣቱ ላይ የቁልፉ ጥርስ ታትሟል። አላወቀም ነበር። ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለወጠ።

«ጋሼ ቁልፋቸውን ሰጥተውት አያውቁም» አለ ኃላፊው ቀስ ብሎ። «እንዴት እጁ ገባ?»

 ቦይለሩ ብቻ ይጮኻል። ኢንስፔክተሩ ወደ አጣፊዋ አላየም፤ እንዳያስገድዳት ፊቱን አዞረ።

«በጨዋታ» አለች ከኋላ።

ድምፅዋ ስለቀጠነ ሴቷ ፖሊስ ወደ እሷ ጎንበስ አለች።

«ከትናንት በስቲያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ‹ጋሼ፣ ቁልፍዎን ያበድሩኝ› አላቸው። እየሳቁ ሰጡት። መሀረቡ ውስጥ አደረገና ለኔ አቀበለኝ። ‹ዳስሺው፣ አለ?› አለኝ። ዳሰስኩት። በቅምቅማቱ ውስጥ ያለው ነበር፤ አውቄዋለሁ። ጨዋታውን እንዳላበላሽበት ‹አለ› አልኩ።» ትንፋሿን ሳበች። «መሀረቡን አራገፈ፤ ባዶ ነው። ‹ኪስዎ ገብቷል፣ ጋሼ› አላቸው። ኪሳቸውን ከውጭ ዳበስ አደረጉ። ቁልፍ ነበረበት። አላወጡትም። ሳቁና ሄዱ። እኔ ‹አለ› ብዬ እኮ ነው...»

«አንቺ ነሽ የነገርሻቸው?» አለ ተኳሹ። በቁጣ አልነበረም። ያው ሸሚዝ ሲያቀብላት በሚናገርበት ድምፅ ነው። «እኔ አጫወትኩሽ እንጂ ምን አደረግሁሽ?»

ሴቷ ፖሊስ ልጅቷን በክንዷ ያዘቻት።

«ማታ ተመለስክ» አለ ኢንስፔክተሩ። «እሱ ውስጥ ነው፤ ኪሱ ያለው አንተ የለወጥክበት የማይከፍት ቁልፍ ነው። በሩን ገፋህ፣ ቆለፍክ፣ እንፋሎቱን ከፈትክ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ቦታዬን በማሽን ሊተኩ ነበር» አለ ሰውየው። «እጅህ ሞቷል አሉኝ። በሰው ፊት። ሰላሳ ሁለት ዓመት የተኮስኩላቸውን እጅ።» መዳፉን አየ። «እጄ እንደሚሠራ ላሳያቸው ነበር።»

ሳጅኑ ካቴና አወጣ። ኢንስፔክተሩ ከሰውየው ኪስ መሀረቡን ሳበና ለአጣፊዋ ዘረጋላት።

«ያንቺ ጣት ያውቀዋል፣ ልጄ።»

አልፈለገችም። ከዚያ ወሰደችው። በቆሰለው እጇ ሳይሆን በደህናው፣ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ሄደችበት። አንደኛው ጎን ምንም የለውም። ሁለተኛው። ሦስተኛው። አራተኛው ላይ ጣቷ ቆመ። ሳጅኑ ስፌቱን በምላጭ ተረተረው። አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ ቁልፍ ወጣ። ከአንገቷ ክሩን አውልቃ ቁልፎቹን ጎን ለጎን ያዘቻቸው። ጥርሳቸው አንድ ነው።

«ይኸው፤ አለቀ» አለ ሳጅኑ። «አሁን በሰላም ትተኛለሽ።»

እሷ ሳጅኑን አልሰማችውም። ቀና ብላ ኢንስፔክተሩን አየችው።

«አንድ ብቻ ነው ያስቀረጸው?»

ኢንስፔክተሩ ወደ ተኳሹ ዞረ። «መልስላት።»

ጋሽ መሀረብ በካቴና የታሰሩትን ሁለት እጆቹን ወደ እሷ ዘረጋ። መዳፉን አሳየ፤ ገልብጦ ጀርባውን አሳየ። ምንም የለም። ጨዋታውን ሁልጊዜ የሚጀምረው እንደዚህ ነበር።

«ቁልፍ ሠሪ ጥራ» አለ ኢንስፔክተሩ ለሳጅኑ። «የቤቷን በር ቁልፍ ነቅሎ ሌላ ይግጠምላት። አሁኑኑ።»